ፓውዛው ወደ መሬት ይዙር፣ ሰማዩን ተዉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ብዙ ደብዳቤ ታወጣላችሁ፣ ደግ ነው፣ እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ማንም ስለማያነሳው ነገር ነው፣ ስለ ማታ ሰማይ። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለን ሰዎች፣ ሱሉልታ ሰንዳፋ ሆለታ ገላን ምናምን የምንኖረው ማለቴ ነው፣ እስካሁን ኮከብ በደንብ የሚታይበት ሰማይ አለን። መሀል ከተማ ያለው ሰው ካጣው ቆየ። አሁን የኛም እየሄደ ነው፣ የሚሄደው ደግሞ መብራት ስለመጣ አይደለም፣ የመጣው መብራት ግማሹ ማንም ወደማይሄድበት ወደ ላይ ስለሚረጭ ነው። ይሄን ማስተካከል አሁን ቀላል ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው፣ ምሰሶው ሁሉ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ግን ማን መልሶ ይነቅለዋል?

መብራት ጠላ እንዳትሉኝ። ማታ ከስራ ስመለስ ከአስፋልት እስከ ቤቴ ያለው ኮረኮንች ላይ መብራት ቢኖር ደስታዬ ነው፣ ሴቶቹ ልጆችም ከማታ ትምህርት ሲመለሱ በጨለማ መሄድ የለባቸውም። ከተማ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የተሰሩት የእግረኛ መንገዶች ማታ ሰው ወጥቶ የሚንሸራሸርባቸው ሆነዋል፣ ማየት ደስ ይላል። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፣ መብራቱ መንገዱን ያብራ እንጂ ደመናውን ለምን ያበራል? ወደ ላይ የሄደ መብራት እንስራውን ስቶ መሬት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ነው፣ ቆጣሪው ቆጥሮታል ሂሳቡ ተከፍሎበታል ማንም ግን አልተጠቀመበትም።

ጉዳቱ እንደየሰፈሩ ይለያያል፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም። እኔ ያለሁት ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው፣ ከተማው ለኛ በደቡብ በኩል ነው። ወደ ሰሜን ወደ ጫንጮ ስንዞር ሰማዩ ገና ጥቁር ነው፣ በዚህ በኅዳር 2018 ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድሮሜዳ ጋላክሲን በባዶ ዓይን እናያታለን፣ ብዥ ያለች ትንሽ ጉም ነገር ናት፣ ግን ያ ብርሃን ከዚያ ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ ያኔ ሉሲ እንኳን ሞታ ብዙ መቶ ሺህ ዓመት አልፏት ነበር። ይሄን ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም፣ ጋቢ ብቻ ነው የሚያስፈልገው ምክንያቱም የሱሉልታ ውርጭ አይቻልም። ወደ ደቡብ ስንዞር ግን ከእንጦጦ ሸንተረር በላይ ሌሊቱን ሙሉ የማይነጋ ወጋገን ቆሟል። የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራቱ ኮከቦች በሚያዝያና በግንቦት ምሽት የሚቆሙት እዚያው ጋ ነው፣ ከፍ ሲሉ ከአድማስ 20 ዲግሪ ገደማ ነው የሚደርሱት። ኮከቦቹ ራሳቸው ደማቅ ስለሆኑ ይታያሉ፣ ዙሪያቸውን የሚያልፈው ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ነጣ ያለው የኮከቦች ጎዳና፣ ግን ታጥቧል።

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ ተቃራኒው ነው የደረሰባቸው፣ ለነሱ ከተማው በሰሜን ምዕራብ በኩል ስለሆነ ደቡቡን ያያሉ፣ የሚቸግራቸው የሰሜን ኮከብ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን የሰሜን ኮከብም ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡ እዚያው ጭብጡ ጫፍ ላይ ነው። በጣም ደማቅ ኮከብ አይደለም፣ ስለዚህ በትንሽ ወጋገንም ይጠፋል። አስቡት እስቲ፣ አውሮፓ ያለ ሰው የደቡብ መስቀልን ቤቱ ሆኖ አያይም፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ደግሞ የሰሜን ኮከብን አያይም፣ እኛ በአንድ ምሽት ሁለቱንም የማየት እድል ያለን ሕዝብ ነን። ይሄን ሀብት ነው ሳናውቀው በፓውዛ የምናጠፋው!

በጥቅምት 2017 የመጣው ሱቺንሻን አትላስ የተባለው ጅራታም ኮከብም እንደዚሁ ነው፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ በኩል ነበር የሚታየው፣ ሆለታ መንገድ ላይ ወጥተው ያዩት ሰዎች ጅራቱን በደንብ አየነው ሲሉ ለገጣፎና ሰንዳፋ ያሉት ግን ከከተማው ወጋገን በላይ ስለነበረ ራሱን እንጂ ጅራቱን እምብዛም አላዩም።

አሁን ስለ ፓውዛ ልንገራችሁ። ከቤታችን ጀርባ ባለፈው ዓመት አንድ መጋዘን ተሰራ፣ አጥሩ ላይ ትልልቅ ነጭ ፓውዛ ሰቀሉ፣ አንገቱ ወደ ላይ የተገተረ፣ የኛን ግቢ፣ ባህር ዛፉን፣ ሰማዩን ሁሉ የሚያበራ። ምሽት ላይ መጽሐፍ ማንበብ የሚቻል ነው በሱ፣ ያውም ከአልጋ ላይ ሆኖ። ሰዎቹን ለማናገር ስሄድ የማታ ጥበቃውን አገኘኋቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ዱላቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል። አባባ ይሄ መብራት አይረብሽዎትም ወይ አልኳቸው። «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ዓይኔ ላይ ነው የሚያበራው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጅብ እኔን ያየኛል እኔ እሱን አላየውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ደማቅ መብራት በቀጥታ ሲገባበት ግን በአንድ አፍታ ይበላሽና ከመብራቱ ውጪ ያለው ሁሉ ግድግዳ ይሆናል። ሌባም የሚቆመው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው። በኋላ ከሃላፊው ጋር ተነጋግረን ሰፈር ያለው ብየዳ ቤት ከቆርቆሮ ቁራጭ ለእያንዳንዱ ፓውዛ ክዳን ሰራለት፣ አንገቱም ወደ መሬት ተደፋ። አሁን ግቢው ከበፊቱ ይልቅ ይታያል፣ አጥሩ ስር ያለው ሳር ሳይቀር፣ ሽማግሌውም አስፋልቱን እስከ ማዶ ያያሉ፣ እኛም ኮከባችን ተመለሰልን። ያጠፋነው አምፖል የለም።

ሌላው የመብራቱ ቀለም ነው። ኤሌክትሪክ እቃ ቤት ስንሄድ ባለሱቁ ነጭ ነው ቢጫ ይለናል፣ አብዛኛው ሰው የበለጠ ያበራል ብሎ ነጩን ይወስዳል። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚለው ያ ነጩ ነው፣ 3000 ወይም 2700 የሚለው ቢጫው። ነጩ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ይበዛል፣ ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ አየር ውስጥ ከቀዩና ከቢጫው በላይ ይበተናል፣ ቀን ላይ ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለውጪ ለግቢና ለበረንዳ ቢጫውን ብንገዛ ያው ብርሃን ነው፣ ለዓይንም ለሰማይም ይሻላል። እኔ ለጎረቤቶቼ ሁሉ ይሄን ነው የምለው፣ የሚሰማኝም አልጠፋም።

ነገሩ የኛ የኮከብ ወዳጆች የቅንጦት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ደግሞ እዚህ ድረስ አላስቸግራችሁም ነበር። እንጦጦ ላይ እኮ ኦብዘርቫቶሪ፣ የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ማለት ነው፣ አለን፣ ከባህር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲመሰረት ሰው ረሃብ ባለበት አገር ኮከብ ምን ያደርጋል ሲላቸው የነበሩ ሰዎች ታግለው ያመጡት ነገር ነው፣ ከዚያም አልፎ አገሪቱ በታኅሣሥ 2012 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና ምድር አመጠቀች። እና ያንን ኦብዘርቫቶሪ በአንድ በኩል አዲስ አበባ ታበራበታለች፣ በጀርባው ደግሞ እኛ ሱሉልታዎች በየመጋዘኑ ፓውዛ ልንከብበው ነው። ለተሻለ ኦብዘርቫቶሪ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች የታሰቡት አንዱ ከከተማ መብራት ስለሚርቁ ነው፣ ይሁን ጥሩ ነው፣ ያለንን ግን ለምን እናሳውራለን? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከስድስት ኪሎ ተነስቶ የሚደርስበት እኮ እንጦጦ ነው።

ሌላ አገር ይሄን ያሰቡት ቀድመው ነው። አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ አለች፣ ፕሉቶ በ1930 የተገኘችው እዚያ ባለ ኦብዘርቫቶሪ ነው፣ ከተማዋ ለኦብዘርቫቶሪው ስትል ገና በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚወረወር መብራትን የሚገድብ ደንብ አወጣች፣ በ2001 ደግሞ በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተባለች። ሰው አለባት፣ ሆቴል አለባት፣ መንገዷም በርቷል። አፍሪካ ውስጥ ናሚቢያ ናሚብራንድ የተባለውን ጥብቅ ስፍራዋን በ2012 የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ቦታ አድርጋ አስመዝግባ አሁን ቱሪስት ለኮከብ ብሎ ይሄድባታል። በ2016 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከሰው ልጅ አንድ ሶስተኛው ካለበት ቦታ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም ይላል። (እዚህ አንቀጽ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) እኛ ገና ከሚያዩት ውስጥ ነን።

ደግሞ ሰማይ ማየት ለኛ አዲስ የመጣ ፋሽን አይደለም። ጾምና በዓላችን በባሕረ ሐሳብ የሚወጣው በፀሐይና በጨረቃ ሂሳብ ነው፣ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃ ከየትኞቹ ኮከቦች ጋር እንደወጣች አይተው ቀን ይቆጥራሉ። ገጠር ያደገ ሰው አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ተነስቶ በሬ ይጠምድ ነበር። የኛ ሰፈር ልጆች ግን ሳሳያቸው ነው የሚያውቁት። አንዲት የጎረቤት ልጅ ባይኖኩላሩን የአጥር ግንብ ላይ አስደግፌላት ጁፒተርን ስታይ ዝም ብላ ቆየችና አጠገቡ ያሉት ነጥቦች ምንድን ናቸው አለችኝ፣ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ ጨረቃዎች ናቸው ስላት በማግስቱ ማታ ደብተር ይዛ መጣች፣ ቦታ ቀያይረዋል እኮ ብላ የትናንቱን ስዕሏን አሳየችኝ። ማንም ሳይነግራት ነው የሳለችው። እንዲህ ያለች ልጅ ወጥታ ሰማይ የምታይበት ቦታ ካልጠፋ ነው እንግዲህ ተመራማሪ የሚገኘው።

ስለዚህ በከተማው ዙሪያ ላሉ ማዘጋጃ ቤቶች የምለው፣ አዲስ የመንገድ መብራት ስትገዙ ብርሃኑ በሙሉ ወደ ታች የሚወርድና ቢጫ የሆነውን ምረጡ፣ ለፋብሪካና ለመጋዘን የግንባታ ፈቃድ ስትሰጡም ፓውዛው ወደ መሬት ይሁን የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት። በተለይ እንጦጦ ዙሪያ።

ከናንተ ከጋዜጣው ደግሞ የምፈልገው ነገር አለ። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ቀልታ ነበር፣ በኛ ሰዓት ከ2:30 እስከ 3:52 ድረስ፣ ሰዓቱን ግን ያገኘነው ከውጭ ድረ ገጽ ላይ በፈረንጅ ሰዓትና ቀን አይተን ወደኛ እየቀየርን ነው፣ ያን ማድረግ የማይችል ሰው በረንዳው ላይ ሆኖ አመለጠው። በወር አንድ ጊዜ አንድ ጥግ ስጡን፣ በዚህ ወር ሰማይ ላይ ምን አለ የሚል፣ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት። ለምሳሌ አሁን ሳተርን ምሽት ላይ ከፍ ብሎ ይታያል፣ ዘንድሮ በ2018 ቀለበቱ በጎኑ ስለዞረብን በቴሌስኮፕ ያየው ሰው ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ይሄ ደግሞ በየ15 ዓመቱ ገደማ ነው የሚሆነው። የፊታችን ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ግብጽ ላይ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፣ እኛ ጋ በከፊል ነው፣ ያኔ ሕዝቡ በባዶ ዓይኑ ፀሐይን እንዳያይ ከወዲሁ መንገር የናንተ ስራ ነው።

የመጀመሪያውን ደግሞ እኔው ልጀምርላችሁ። ታኅሣሥ 4 ለ 5 አጥቢያ የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙባት ሌሊት ናት። ፋኤቶን ከምትባል አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር አለት) የተራገፉ እንደ አሸዋ የደቀቁ ቅንጣቶች በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፉ አየራችን ውስጥ ገብተው ሲቃጠሉ ነው የምናየው፣ ሰማዩ በደንብ ጨለማ ከሆነ በሰዓት ከመቶ በላይ ሊታዩ ይችላሉ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በምሥራቅ ይጀምራል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ይበረታል፣ ዘንድሮ በ2018 ጁፒተር እዚያው ሰፈር ስለሆነ ከሱ አጠገብ የሚፈልቁ ነው የሚመስሉት፣ ጨረቃም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ቀጭን ሆና የምትወጣው። በጀርባችሁ ተኙ፣ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፣ ብቻችሁን አትውጡ። ግቢና መጋዘን ያላችሁ ደግሞ በዚያች ሌሊት ከ6 ሰዓት በኋላ ፓውዛችሁን አጥፉልን፣ ማጥፋት የማይሆንላችሁ ከሆነ አንገቱን ድፉልን፣ ብየዳ ቤቱን እኔ አሳያችኋለሁ።

የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከሱሉልታ