ትልቋም ልጅ ናት

ውድ አባላት፣

ወላጆቻቸው ለሥራ ርቀው ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉ ልጆችን ስንጎበኝ «አንቺ እኮ እናት ሆነሻል» ማለት ይቅርብን። ደክሞኛል እንዳትል አፏን ይይዛታል። ባለፈው ያየኋት ልጅ በአንድ እጇ የወንድሟን አፍንጫ እየጠረገች በሌላው የቤት ሥራዋን ትጽፍ ነበር፤ እርሳሱን ሦስት ጊዜ ነጠቃት። ሙገሳ ምን ያደርግላታል? ሕፃኑን ለአንድ ሰዓት የሚይዝላት ሰው ነው የምትፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ዕረፍትና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ደንግጓል።

ወላጆች ሲደውሉም (ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ትንሹ ነው) «አንቺስ እንዴት ነሽ?» እንዲሏት አስታውሷቸው። በሚቀጥለው ጉብኝት ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ፤ አንዱ ሕፃኑን ያጫውት፣ ሌላው ትልቋን ያዳምጥ።