የአውሮፕላን ሞዴል ክበብ፦ የፎም ክንፍ በምን ይለበድ?

ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ታሽጎበት የሚመጣው ነጭ ፎም ለክበባችን ዋናው የክንፍ ጥሬ ዕቃ ነው። በኪዩቢክ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ በነፃም ይገኛል። እርቃኑን ከተተወ ግን ይፈረፈራል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ስለዚህ የዘንድሮው ሥራ በአብዛኛው ልባድና ማጣበቂያ መምረጥ ነበር።

ማጣበቂያው ይቅደም፤ ክንፍ የሚበላሸው በብዛት በእሱ ነው። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ውስጥ ያለው መሟሟቻ ይህን ፎም ያሟሟዋል። ተራ ሱፐር ግሉም፣ በጣሳ የሚረጭ ቀለምም ያው ናቸው። የአናጢ ነጭ ኮላ ውሃ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ፎሙን አይነካም፤ ሆኖም የሚደርቀው ውሃው ሲወጣ ብቻ ነው። ሁለት ሰፋፊ የፎም ገጾች በኮላ ከተጋጠሙ ዳር ዳሩ ደርቆ መሃሉ ለቀናት እርጥብ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ኮላን ለወረቀት፣ ኢፖክሲን (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ለመገጣጠሚያ ለይተናል። ኢፖክሲ ደግሞ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ በወፍራሙ ከተከመረ ፎሙን ያቀልጣል። በስሱ ይቀባ። የማይታወቅ ማጣበቂያ ሁሉ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ይሞከር።

ለጀማሪ የምንመክረው ልባድ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ነው። ፎሙ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ብናኙ ተጠራርጎ ይነሳል፣ ብናኝ ላይ ፕላስተር አይዝምና። ፕላስተሩ በክንፉ ርዝመት፣ ከኋላ ጠርዝ ተጀምሮ ወደ ፊት ይለጠፋል፤ እያንዳንዱ የቀደመውን በግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ሲደርብ መደራረቢያው ነፋሱን ጀርባ ይሰጠዋል። እየሳቡ መለጠፍ ክንፉን ያጣምማል። ደግሞም ፕላስተር ሲሳብ እንጂ ሲጨመቅ አይረዳም፤ በበረራ ላይ የክንፉ ላይኛው ገጽ ስለሚጨመቅ ውስጡ የቀርከሃ ስንጥር የግድ ነው።

ጠንካራው ምርጫ ደብተር የምንለብድበት ካኪ ወረቀት ነው። ሁለት እጅ ኮላ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ይበጠበጣል። ወረቀቱ አስቀድሞ በውሃ ይርሳል፤ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። አንዱ ገጽ ብቻ ተለብዶ ካደረ ክንፉ ወደዚያው ይጎብጣል፤ ስለዚህ ላዩና ታቹ በአንድ ቀን ይለበዱ። ከዚያ ክንፉ አየር እንዲያገኘው ይሰቀላል፣ ሊደርቅ ሲል ከተቆረጠበት የፎም ቅሪት መሃል ገብቶ ክብደት ተጭኖበት ያድራል። በፕላስቲክ ጠቅልሎ መጫን ግን ውሃውን አፍኖ ያስቀረዋል።

ክብደቱም ይታሰብ። 1 ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክንፍ ፎሙ ብቻውን 50 ግራም ገደማ ነው። ፕላስተር 20 ግራም ያህል ይጨምርበታል። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሆነ ካኪ ወረቀት ለላዩና ለታቹ በድምሩ 32 ግራም ነው፤ ከኮላው ጋር ክንፉን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚከብደው፤ ያው ሞዴል ሳይወድቅ ለመብረር 12 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። የጋዜጣ ወረቀት ይቀላል፤ ነገር ግን ሲርስ ቶሎ ይቀደዳል፣ የለመደ እጅ ይጠይቃል።

በካውያ የሚለጠፈው ፊልም (ስስ የፕላስቲክ ልባድ) ያምራል፤ ይሁንና ይህ ፎም ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሚሟሽሽ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው ዓይነት ብቻ ነው የሚሆነው። የቤት ካውያ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ለተማሪ አንመክረውም። ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) በኢፖክሲ ከሁሉም ይጠነክራል፤ ለትምህርት ቤት በጀት ግን ከመሃል መጋጠሚያው በላይ አያስፈልግም። እዚያ ላይ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ክንፉን ዞሮ ከታሰረ ይበቃል።

በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የካኪና የጋዜጣ ልባድን በአንድ ክንፍ ግራና ቀኝ ላይ ለብደው ስንጥር ሳይገባበት ጫፉ ላይ ክብደት በማንጠልጠል የትኛው የበለጠ እንደሚጎብጥ ይለካሉ።