ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ዮርክታውን ለጠየቅሽኝ

የኔ እናት፣

ማክሰኞ ማታ ስትደውዪ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በወጉ ሳልመልስልሽ ስልኩ ተዘጋ። እንግሊዞች እጅ ስለሰጡባት ስለ ዮርክታውን ለትምህርትሽ ጽሑፍ እያዘጋጀሽ፣ «አባዬ፣ ያ ሁሉ ጦርና መርከብ የነበረው እንግሊዝ እንዴት በገበሬ ተሸነፈ?» ነበር ያልሽኝ። ዛሬ ዕረፍት ነኝ። ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በአማርኛ የምጽፍልሽ በእንግሊዝኛ ስናገረው የልቤን ስለማያደርስልኝ ነው። ማንበቡ ካቃተሽ ደውዪልኝ፣ ግን መጀመሪያ ሞክሪ። የምጠራቸው ቀናትና ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው፤ አድዋ ላይ ስደርስ ብቻ የእኛን እጠቀማለሁ።

አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ስለወጣችበት ስለዚህ ጦርነት መጽሐፍ ያነበብኩት እዚህ ቨርጂኒያ ከመጣሁ በኋላ ነው። ጦርነትን ግን ከዚያ በፊት አውቀዋለሁ። ብሔራዊ ውትድርና ላይ ሳለን አንድ ቀን ትእዛዝ መጣ። «ከሸንተረሩ ማዶ የውኃ ጉድጓድ አለ፣ እዚያ እደሩ» ይላል። ካርታው ላይ በሰማያዊ ቀለም ተሥሏል። ቀኑን ሙሉ ተጉዘን ደረስን። ጉድጓዱ ደረቅ ነው። ውስጡ ድንጋይና የተበጠሰ ገመድ ብቻ። ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ጠየቅናቸው። «ይሄማ ከደረቀ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ማን ጠይቆን?» አሉ። ያን ሌሊት ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ነጋ። የእንግሊዞቹን ስህተት ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እኒያ ሽማግሌ ናቸው።

ከለንደን እንጀምር። ጦርነቱን ከዚያ ሆኖ የሚመራው ሚኒስትር ሎርድ ጆርጅ ጀርሜን ይባል ነበር። ይህ ሰው በ1759 ሚንደን በተባለው ውጊያ ላይ ትእዛዝ አልፈጸምክም ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተከሷል። «በማንኛውም የውትድርና ሥራ ለማገልገል ብቁ አይደለም» ተብሎም ተፈርዶበታል። አስቢው እስቲ። ያ ሰው ነው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ አሜሪካን እንዲያስተዳድር፣ ጦርነቱንም እንዲመራ የተሾመው። እሱ የጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ውቅያኖሱን አቋርጦ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ትእዛዙ ሲደርስ መሬት ላይ ያለው ነገር ተለውጦ ይጠብቀዋል።

በ1777 ጀርሜን ሁለት የጦር ዕቅድ አጸደቀ። አንዱ የጄኔራል በርጎይን ነው፤ ከካናዳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይወርድና ከኒው ዮርክ በስተ ሰሜን ያለችው አልባኒ ከተማ ይገባል። ሌላው ኒው ዮርክ ያለው የጄኔራል ሃው ነው፤ እሱ ፊላደልፊያን ይይዛል። በርጎይን ከደቡብ በኩል ወገን ይመጣልኛል ብሎ ነው የወጣው። ሃው ግን ወደ 15 ሺህ ሰው መርከብ ላይ ጭኖ በተቃራኒው ሄደ። በበጋው ሙቀት ከአንድ ወር በላይ ባሕር ላይ ቆየ። ፈረሶቹ አለቁ። ሁለቱን ጄኔራሎች «ተነጋገሩ፣ አንተ እንዲህ አድርግ፣ አንተ እንዲህ» ብሎ ቁርጥ አድርጎ የሚያዝ አልተገኘም። ፊላደልፊያን ያዘ፣ እውነት ነው። በዓመቱ እንግሊዞች ራሳቸው ለቀዋት ወጡ።

በርጎይን መጀመሪያ ቀንቶታል። በሐምሌ መጀመሪያ የታይኮንደሮጋን ምሽግ ያለ ብዙ ውጊያ ያዘ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ለመውረድ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ በሐይቅ በጀልባ መሄድ ነው። ሁለተኛው ጫካውን ሰንጥቆ ማለፍ። ወደ ኋላ መመለስ ሽንፈት መስሎ ይታይብኛል ብሎ ጫካውን መረጠ። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ ቤት አንቺ የተማርሽበት ሃይስኩል ድረስ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ በይው። አሜሪካኖቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ቀድመውት ገቡ። ትልልቁን ዛፍ መንገዱ ላይ እየጣሉ፣ ወንዙን እየገደቡ ረግረግ አደረጉበት። በርጎይን ከ40 በላይ ድልድይ መሥራት ነበረበት። ከሦስት ሳምንት በላይ ፈጀበት። በዚያ መሃል የግል ዕቃውን ብቻ የጫኑ ወደ 30 የሚጠጉ ጋሪዎች ነበሩት። ወታደሩ ዱቄት እያለቀበት ነው፣ ጋሪው የጄኔራሉን ሣጥን ይጎትታል! ይህን ሳነብ ዛሬም ያናድደኛል።

ስንቅና ፈረስ ሲያጥረው የጀርመን ቅጥር ወታደሮችን ወደ ቤኒንግተን ላከ። አገሩ በንጉሡ ደጋፊ የተሞላ ነው ተብሎ ተነግሮታል። አዛዡ እንግሊዝኛ አይናገርም። እንግዲህ ከማን ጋር ተነጋግሮ ነው ወዳጅና ጠላትን የሚለየው? በአንድ ቀን ከሞተውና ከተማረከው ጋር ወደ 900 ሰው ጠፋ። በመጨረሻ ጥቅምት 17 ቀን 1777 በርጎይን ሳራቶጋ ላይ ወደ 6,000 ከሚጠጋ ሰው ጋር እጁን ሰጠ። ያንን የሰማችው ፈረንሳይ በየካቲት 1778 ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈራረመች። ስለዚህ «በገበሬ» ያልሽውን ጽሑፍሽ ላይ አስተካክይው። ዮርክታውን ላይ የፈረንሳይ ወታደርም መርከብም ነበር፤ ያለ እነሱ አይሆንም ነበር።

አድዋ ላይስ የሆነው ከዚህ የራቀ ነው? በ1888 የጄኔራል አልቤርቶኔ ጦር በካርታ ላይ በተጻፈ የኮረብታ ስም ተሳስቶ፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ፊት ለፊት ብቻውን ተገኘ። የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ የትኛው እንደሆነ አገሬው ሁሉ ያውቃል። ማን ጠይቆ?

አሁን ወደ ዮርክታውን። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሽ ሦስት ሰዓት ነድቼ የወሰድኩሽን ታስታውሻለሽ? የአፈር ምሽጉ ላይ ወጥተሽ በሣሩ ላይ እየተንከባለልሽ ስትወርጂ እናትሽ ልብሷ ተበላሸ ብላ ተቆጣች። ቁጥር ዘጠኝና ቁጥር አሥር የሚባሉት ምሽጎች ናቸው። ጥቅምት 14 ቀን 1781 ማታ ዘጠኙን ፈረንሳዮች፣ አሥሩን አሜሪካኖች በሳንጃ ያዟቸው።

የእንግሊዙ ጄኔራል ኮርንዋሊስ እዚያ ጥግ ውስጥ የገባው በገዛ አለቃው ነው ማለት ይቻላል። ኒው ዮርክ ያለው ጄኔራል ክሊንተን በዚያ በጋ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ላከበት። ወታደር ላክልኝ፣ አይ ወደ ፊላደልፊያ ላከው፣ አይ ተወው፣ ወደብ ያዝና ምሽግ ሥራ። ኮርንዋሊስ ወንዝ ዳር ዮርክታውን ላይ ሰፈረና መርከብ መጠበቅ ጀመረ። ዋሽንግተንና ፈረንሳዊው ሮሻምቦ ግን ኒው ዮርክን የሚያጠቁ መስለው ኒው ጀርሲ ውስጥ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ሳይቀር ሠሩ። ክሊንተን ምድጃውን አይቶ ሲጠብቃቸው እነሱ ወደ ደቡብ ጉዞ ላይ ነበሩ። መስከረም 5 ቀን ደግሞ የእንግሊዝ 19 መርከቦች በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ከ24 የፈረንሳይ መርከቦች ጋር ገጠሙ። የእንግሊዙ አዛዥ «ሰልፍ ጠብቁ» የሚለውን ምልክት ሳያወርድ «ተጠግታችሁ ተዋጉ» የሚለውን ሰቀለ። የኋላዎቹ መርከቦች ሰልፍ እንደጠበቁ ከውጊያው ውጪ ቀሩ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ የፈረንሳይ ሆነ።

በኮርንዋሊስ ሰፈር ውስጥ ጄምስ አርሚስቴድ የሚባል ጥቁር ሰው ነበር፤ ባሪያ። እንግሊዞች ያገለግላቸዋል፣ ለእነሱም ይሰልላል ብለው አመኑት። እሱ ግን የሰማውን ሁሉ ከአሜሪካኖቹ ጎን ለተሰለፈው ፈረንሳዊ ጄኔራል ለላፋዬት ያደርስ ነበር። ሰሃን የሚያነሣ ሰው ጆሮ ያለው አልመሰላቸውም። ነፃነቱን ያገኘው ግን በ1787 ነው፣ ከድሉ ከስድስት ዓመት በኋላ።

ጥቅምት 17፣ በርጎይን እጅ በሰጠ ልክ በአራት ዓመቱ፣ አንድ ልጅ ከበሮ እየመታ ምሽጉ ላይ ወጣ። አንድ መኮንን ነጭ መሀረብ እያውለበለበ ተከተለው። በ19ኛው ቀን ከ7,000 በላይ ሰው መሣሪያውን አስረከበ። ኮርንዋሊስ አሞኛል ብሎ ምክትሉን ላከ። የክሊንተን ረዳት ጦር ከኒው ዮርክ በመርከብ የተነሣው በዚያው ቀን ነው።

ያኔ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ልጅ ስለነበርሽ ዝም አልኩ።

ጦርነቱ ሲጀመር፣ በ1775፣ የቨርጂኒያ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከዐመፀኛ ጌቶቻቸው አምልጠው ለንጉሡ ለሚዋጉ ባሪያዎች ነፃነት እሰጣለሁ ብሎ ዐወጀ። የመጡትን አደራጅቶ ስም አወጣላቸው፤ «የኢትዮጵያ ክፍለ ጦር» ብሎ። ያኔ ፈረንጆች ጥቁርን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ነበር። መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። አብዛኞቹ በጦር ሳይሆን በፈንጣጣ አለቁ።

ከዚያም በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ባሪያዎች የእንግሊዝን ጦር ተከተሉ። የዮርክታውንን ምሽግ የቆፈሩት እነሱ ናቸው። አንቺ የተንከባለልሽበትን ዓይነት አፈር በአካፋ የከመሩት እነሱ ናቸው። ከበባው ሲጠብቅ፣ እህል ሲያጥርና ፈንጣጣ ሲገባ ኮርንዋሊስ ከሰፈሩ አስወጥቶ በሁለቱ ጦሮች መሃል ጫካ ውስጥ በተናቸው። ከዋሽንግተን ወገን የነበረ አንድ ወጣት ወታደር ያየውን ጽፏል። የሞቱትም ሳይቀሩ በእጃቸውና በአፋቸው የተቃጠለ የበቆሎ ቁራጭ ነበረባቸው። ከተረፉትም ብዙዎቹን ያሸነፈው ወገን ለጌቶቻቸው መለሳቸው።

አሜሪካን ያጣው ንጉሥ ከማንም በላይ ያመኑት ሰዎች ነበሩት። አገሩን ያውቃሉ፣ መንገዱን ያውቃሉ፣ ወንዙን ያውቃሉ፣ የሚመለሱበት ቤት የላቸውም። እሱ አብዛኞቹን አካፋ አስያዛቸው፣ ከዚያም ጣላቸው። ስለ ምልክቱና ስለ ጋሪው መምህርሽ ይነግሩሻል። ይህን ግን አንቺ ጻፊው።

ለታንክስጊቪንግ ስትመጪ እንደገና እንሂድ። ያኔ ያየነው ሜዳውንና መድፉን ብቻ ነው። ጫካው ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ነው፤ ደህና ጫማ አድርጊ።

አባትሽ