የማታው ትምህርት ማታ ይሁንልን

ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ የጎልማሶች ነጻ የማታ ትምህርት የሚጀመርበትን ሰዓት ይመለከታል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ባለፈው ዙር የኮምፒውተር ትምህርቱን ከተከታተሉት አንዱ ነኝ። ማውዝ በያዝኩበት የመጀመሪያ ምሽት ቀስቷ ጠፍታብኝ ስክሪኑን በጣቴ ስዳብስ አስተማሪዋ ሳትስቅብኝ እጄን ይዛ መለሰችኝ። ዛሬ የሥራ ማመልከቻዬን ራሴ ጽፌ በኢሜይል እልካለሁ። ለዚህ ሁሉ ምንም አልከፈልኩም።

ክፍል ስላልበቃ አዳራሹን ከማንበብና መጻፍ ተማሪዎች ጋር ተካፍለን ነበር። ከአጠገቤ የሚቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ከጽዳት ሥራ ወጥተው ነው የሚመጡት። ስም መቆጣጠሪያው ላይ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የቀለሙን ሙዳይ ገፋ አድርገው ስክሪብቶ ጠየቁ። ስማቸውን ጽፈው እስኪጨርሱ ከኋላ የተሰለፍነው ሁሉ ዝም አልን። የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመሯ ወጥታ የእኔ ስም ላይ አረፈች፤ እሳቸውም ደንግጠው ይቅርታ ጠየቁኝ።

በዚህ ዙር የሉም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ይጀመር የነበረው ትምህርት ወደ ቀኑ 11 ሰዓት መጥቷል። እሳቸው ከሥራ የሚወጡት 12 ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ቀን እየሮጡ ደርሰው ነበር፤ ሁለቱንም ቀን ሰሌዳው ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተነባብሮ ነው የጠበቃቸው። አሁን በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ የተሳታፊ ቁጥር በማነሱ የሚቀጥለው ዙር ሊታጠፍ እንደሚችል ይገልጻል። ቁጥሩ ለምን እንዳነሰ ግን የጠየቀን የለም።

ምዝገባውም እንዲሁ ነው። በአካል ቀርቦ፣ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት። እኔ የተመዘገብኩት ፈቃድ ወስጄ የቀን ደመወዜ ተቆርጦ ነው። ነጻ ለተባለ ትምህርት ይህ ትንሽ አይከብድም?

እናንተው ባስተማራችሁኝ ኮምፒውተር አንድ ሰነድ ፈልጌ አነበብኩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1949 አውጥቶ በ1972፣ በ1994 እና በ2022 ያደሰው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ ነው። አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ከክፍያ ነጻ እንዲሆን ይላል፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ነገር ግን የመክፈቻ ሰዓቱም ለተጠቃሚው የሚመች እንዲሆን ይጠይቃል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1823 ለሠራተኞች የተከፈተው ተቋም፣ የዛሬው በርክቤክ ኮሌጅ፣ እስካሁን የሚታወቀው በማታ ትምህርቱ ነው።

ሠራተኞቻችሁም ቤትና ልጅ እንዳላቸው አልዘነጋሁም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የጥበቃና የመብራት ጉዳይም ይኖራል። ስለዚህ አምስቱንም ቀን አምሽታችሁ ክፈቱ አልልም። በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃል፤ በእነዚያ ቀናት የሚያመሹት ሠራተኞች ጠዋት አርፍደው ቢገቡ ተጨማሪ ሰዓት ላያስፈልግ ይችላል። ምዝገባው በስልክም ይሁን። የሕፃናት ንባብ ክፍሉም በእነዚያ ምሽቶች ባይቆለፍ፣ ልጅ የሚተውበት ያጡ እናቶች ይዘው ይመጣሉ። በ11 ሰዓት የሚመጡት ጡረተኞችና ተማሪዎች መቀመጫቸውን ይጡ ማለቴም አይደለም፤ ለእነሱ ያ ሰዓት ይቀጥል።

እኚያን እናት ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ አገኘኋቸው። ማስታወቂያውን በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡ ነበር፤ "ሊታጠፍ" የሚለው ቃል ላይ ቆመው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ውሳኔዎን እዚያው ቢያስለጥፉልን ይበቃናል። ብቻ በትልልቅ ፊደል ይሁን፤ ራሳቸው እንዲያነቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከማታው ክፍል ተማሪዎች አንዱ