ቦርዱ "ታክመህ ጨርስ" ይላል፣ ድርጅቱ "12 ወር አልፎሃል" ይላል

ይድረስ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከታችሁ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

ሥራ ላይ ተጎድቼ ሕክምናዬ ስለተቋረጠና ካሳዬ ስላልተከፈለኝ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሦስቱንም መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ተቀብያለሁ። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ክፍለ ከተማም ሄጃለሁ። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። በክራንች ወጥቼ "ባለሙያው መስክ ወጥቷል" ተብዬ በክራንች ወርጃለሁ፣ አራት ጊዜ። ከዚህ በላይ በር ማንኳኳት ስላቃተኝ አሁን ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ እጽፍላችኋለሁ።

ፌሮ ሠራተኛ ነኝ። ጥር 2016 ላይ ከሁለተኛ ፎቅ ወደቅሁ። የቆምኩበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ነው። የግራ እግሬ የቅልጥም አጥንት ቆዳዬን በስቶ ወጣ። ሐኪሞቹ በዚያው ሌሊት ቁስሉን አጥበው ከውጪ በብረት አሰሩልኝ። እግሬ ዛሬም ያለው በእነሱ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ሰኔ ላይ የውጪው ወጥቶ የውስጥ ብረት ገባ። ሆስፒታሉ ብረቱ ስላልነበረው ከውጪ ነው የተገዛው፣ ድርጅቱም ከፈለ። እስከዚህ ድረስ በማንም ላይ ቅሬታ የለኝም። አጥንቱ ግን አልገጠመም። ቆዳ በስቶ የወጣ ስብራት ሊያመረቅዝ፣ መግጠሙም ሊዘገይ ይችላል። ይህን የማያውቅ የአጥንት ሐኪም የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጥሎ ያሉትን 3 ወራት 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ደግሞ 50 በመቶ ያገኛል። በ12ኛው ወር ክፍያው ይቆማል። ይኸው አዋጅ የሕክምና ቦርዱም፣ ማለትም የተጎዳውን ሰው የሚመረምሩት ሐኪሞች፣ የጉዳቱን መጠን በፐርሰንት በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲወስን ያዛል። ይህ እንዲሁ የተገጣጠመ አይመስለኝም። ደመወዙ ሲቆም ሰውየው የቦርድ ውሳኔውን ይዞ ወደ ካሳው እንዲያልፍ ነው። እኔ ላይ የደመወዙ 12 ወር ቀኑን ጠብቆ ተፈጸመ፣ የቦርዱ 12 ወር ግን ዝም ብሎ አለፈ።

ቦርድ ፊት የቀረብኩት በ10ኛው ወር፣ ኅዳር 2017 ነው። ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። አንዱ ራጄን ወደ መስኮቱ አንስቶ በብርሃኑ አየው፣ አጠገቡ ላለው አሳየውና "ገና ነው" አለ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር ተጻፈ፦ ሕክምናውን ስላልጨረሰ ከ6 ወር በኋላ ይቅረብ። 6 ወሩ ሲሞላ ግንቦት ላይ ሄድኩ። ያችው መስመር ተጻፈች።

ወረቀቱን ይዤ ድርጅቱ ሄድኩ። የሰው ኃይል ኃላፊው አነበበውና "ወንድሜ፣ 12 ወር አልፎሃል፣ ፐርሰንት ይጻፍልህና ና" አለኝ። የጡረታ መዋጮ ስላልተቆረጠልኝ ካሳዬን የሚከፍለው ራሱ ድርጅቱ ነው። ጨርሶ መሥራት ላልቻለ የዓመት ደመወዙ 5 እጥፍ ነው፣ ለከፊል ጉዳት ደግሞ በፐርሰንቱ ልክ። ፐርሰንት ካልተጻፈ አንድ ብር አይንቀሳቀስም።

ከሁሉም የከፋው ግን ሕክምናዬን ማቋረጣቸው ነው። ሐኪሜ ከዳሌዬ አጥንት ተወስዶ ስብራቱ ላይ እንዲጨመር አዟል። ድርጅቱ "ደመወዙ ሲቆም ሕክምናውም ይቆማል" አለ። ይህ ውሸት ነው! የቀዶ ሕክምናውን፣ የመድኃኒቱን፣ የሰው ሠራሽ አካልና የአጥንት ድጋፍ መሣሪያውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። የሚቆመውም ቦርዱ ሲወስን ነው። ቦርዱ ደግሞ ሕክምናውን ይጨርስ ነው ያለው። ታዲያ ያንን ሕክምና ማን ይክፈልልኝ? ቦርዱ ታክመህ ጨርሰህ ና ይለኛል፣ ድርጅቱ ቦርድ ወስኖልህ ና ይለኛል። እንዲህ እየተመላለስኩ ይኸው 18 ወር ሞላኝ።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ጫማዬን ልታጸዳ አወጣችው። የቀኙ ሶል ተበልቶ አልቋል። የግራው ከሱቅ እንደወጣ ነው፣ መሬት አልነካም። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ብዙ ቆየችና ምንም ሳትናገር መልሳ አስቀመጠቻቸው።

እናቴ ከሰሜን ሸዋ በየሳምንቱ ትደውላለች። "ወጌሻ አለ፣ ና ልጄ" ትለኛለች። ወጌሻ አልንቅም፣ ልጅ ሆኜ ወለምታዬን ያሹኝ እነሱ ናቸው። ነገር ግን ተኝቼ በነበረበት ክፍል አንድ ልጅ ነበር፣ ክንዱ በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ ደም አልዘልቀው ብሎ ጠቁሮ የመጣ። ተቆረጠ። ማታ ማታ የሌለ እጁን ሲያመው እሰማው ነበር። እናቴን እምቢ ያልኳት እሱን ስላየሁ ነው። ገንዘቡ ያለቀበት፣ ያንን ልጅ ደግሞ ያላየ ሰው ግን ወጌሻ ጋ ባይሄድ የት ይሄዳል?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አዋጁ አንዴ የተወሰነ የጉዳት መጠን ሠራተኛው ቢሻለው ወይም ቢብስበት እንደገና ሊታይ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ ቦርድ አጥንት እስኪገጥም መጠበቅ የለበትም። በ12ኛው ወር እግሬ ያለበትን ሁኔታ አይቶ ይጻፍ፣ ሲሻለኝ ይቀነስ፣ አልቃወምም። ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ ይህንን ለቦርዶች በአንድ ገጽ ደብዳቤ ማሳወቅ ትችላላችሁ። ሕክምና ያቋረጠ አሠሪ ጋም የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መላክ ትችላላችሁ፣ ሥልጣኑ በእጃችሁ ነው።

ቀጣዩ የቦርድ ቀጠሮዬ ኅዳር 2018 ነው። ከዚያ በፊት ቀዶ ሕክምናው ካልተሠራልኝ ያችው መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ትጻፋለች። ሦስቱ ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ አሉ፣ አስወጥታችሁ አንብቧቸው። ስልኬ ሦስቱም ላይ ተጽፏል።

አንድ ፌሮ ሠራተኛ
አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2017