የባሩድ ምትክ በስፍር እንጂ በሚዛን አይጎርስም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአፈሙዝ ስለሚጎርሱ ጠመንጃዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ መነሳቱ ደግ ነው። ነገር ግን «ጥቁር ባሩድ ደካማ ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም፤ ምትኮቹንም በዚያው ክብደት መተካት ይቻላል» የሚለው ሐሳብ ሳይታረም ማለፍ የለበትም። ይህን አምኖ የሚያጎርስ ሰው በርሜሉ ሊፈነዳበት፣ እጁንና ዓይኑንም ሊያጣ ይችላል።

የጥቁር ባሩድ መጠን በግሬን ይነገራል፤ 100 ግሬን 6.5 ግራም ያህል ነው። መስፈሪያው ላይ የተቀረጸውም ግሬን ነው፤ ሆኖም ቁጥሩ የሚያሳየው ያን ያህል የሚመዝን ጥቁር ባሩድ የሚይዘውን ቦታ ነው። ምትኮቹ፣ ማለትም በጥቁር ባሩድ ፋንታ የሚጎርሱት እንደ ፓይሮዴክስ፣ ትሪፕል ሰቨንና ብላክሆርን 209 ያሉ የፋብሪካ ባሩዶች፣ ቀለል ይላሉ። የ100 ግሬን መስፈሪያ በፓይሮዴክስ ተሞልቶ ቢመዘን ከ70 ግሬን ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ መስፈሪያውን ትቶ 100 ግሬን ፓይሮዴክስ የመዘነ ሰው፣ በስፍር ቢታይ 140 ያህል አጎረሰ ማለት ነው። በትሪፕል ሰቨን ደግሞ ይብሳል፤ ከጥቁር ባሩድ ቀላል ሆኖ ሳለ ኃይሉ ይበልጣል። አምራቹ የጥቁር ባሩዱን ፍጥነት ለማግኘት በስፍር 15 በመቶ ቀንሱ የሚለው ለዚህ ነው፤ በ100 ፋንታ 85 ይሰፈራል፣ በባሩዱና በአረሩ መካከልም ምንም መሙያ አይገባም። ብላክሆርን 209ን መመዘን የሚፈልግ የስፍሩን ቁጥር በ0.7 ያባዛ።

«ደካማ» የሚለው ቃል የመጣው ከንጽጽር ይመስለኛል። የተለመደ የጥቁር ባሩድ አጎራረስ የሚፈጥረው ግፊት ብዙውን ጊዜ በካሬ ኢንች ከ15,000 ፓውንድ አይዘልም፤ በጭስ አልባ ባሩድ የሚሠራው የ.30-06 ጠመንጃ ጥይት ጣሪያ ግን 60,000 ነው። ይሁንና እያንዳንዱ በርሜል የተሠራው ለራሱ ግፊት ነው፤ የሌላው ጠመንጃ ጣሪያ ለዚህኛው ዋስትና አይሆንም። ቁጥሮችን ስታወዳድሩም መለኪያውን ጥቀሱ። በመዳብ ወይም በእርሳስ ቁራጭ መጨፍለቅ የተለካ ግፊትና በኤሌክትሪክ ዳሳሽ የተለካው አንድ አይደሉም፤ ቁራጩ እስኪጨፈለቅ ጊዜ ስለሚወስድ የግፊቱ ጫፍ ያመልጠዋል። ያው .30-06 በመዳብ ሲለካ ጣሪያው 50,000 ነው። በሠንጠረዣችሁ ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል።

የባሩዱ ብዛት ብቻውን ግፊቱን አይወስንም። ለ.50 ካሊበር የሚሆን፣ 0.490 ኢንች ስፋት ያለው ድቡልቡል አረር 177 ግሬን ያህል ይመዝናል፤ ሾጣጣው ግን ከዚህ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ከባዱ አረር ከቦታው ለመነሳት ስለሚዘገይ ጋዙ ከኋላው ይታመቃል። የቅንጣቱ መጠንም እንዲሁ ነው። ባሩድ የሚነደው ከገጹ ወደ ውስጥ ስለሆነ ደቃቁ ቶሎ ይነዳል፤ የቅንጣቱ ደረጃ በኤፍ ይነገራል፣ ኤፉ በበዛ ቁጥርም ቅንጣቱ ይደቃል፤ በሁለት ኤፍ የተሰላውን መጠን ሳይቀንሱ በሦስት ኤፍ መተካት ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። አራት ኤፍ ለባልጩት ጠመንጃ ማቀጣጠያ ሳህን እንጂ ለበርሜል አይደለም።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው፣ አረሩ ባሩዱ ላይ ሳያርፍ መሐል ላይ መቅረቱን ነው። እንዲህ ያለው አረር በርሜል የደፈነ ጉድፍ ነው። ከኋላው ባለው ባዶ ቦታ የተወረወረው ጋዝ ቆሞ ከሚጠብቀው አረር ጋር ሲላተም ግፊቱ እዚያው ቦታ ላይ ያሻቅባል፤ በርሜሉ በአረሩ መቀመጫ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያብጣል፣ ወይም ይሰነጠቃል። ባሩዱ ትንሽ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። መከላከያው መጎስጎሻው ዘንግ ላይ ሁለት ምልክት ማድረግ ነው፤ አንዱ በርሜሉ ባዶ ሲሆን፣ ሌላው በትክክል ጎርሶ አረሩ ባሩዱን ሲነካ ዘንጉ ከአፈሙዙ ጋር የሚስተካከልበት። ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱል ከመግባቱ በፊት ሁለተኛው ምልክት አፈሙዙ ላይ መድረሱ በዓይን ይታይ። አልደረሰም ማለት አይተኮስም ማለት ነው። ባሩዱ ወይም አረሩ ሲቀየር ምልክቱም እንደ አዲስ ይደረጋል።

አረሩን መሐል ላይ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ጥቀርሻ ነው። የባሩድ ተመራማሪዎቹ ኖብልና ኤብል በ1875 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ 57 በመቶው ያህል ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ይሆናል። በጥቂት ተኩስ ውስጥ በርሜሉ ይጠብባል፤ አረሩን መግፋት ሲከብድ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ በደረቅ ማድረቅ እንጂ ዘንጉን በጉልበት መደብደብ መፍትሔ አይደለም። ትሪፕል ሰቨን በተለይ ባሩዱ በሚያርፍበት አካባቢ ጠንካራ የጥቀርሻ ቀለበት ይተዋል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መወልወሉ ይመረጣል።

በዘመናዊ ጥይቶች ውስጥ ስለሚገኘው ጭስ አልባ ባሩድ አንድ መስመር ብቻ ጽፋችኋል፤ አይበቃም። ግፊት በጨመረ ቁጥር የዚህ ባሩድ አነዳደድ ይፈጥናል፣ ፍጥነቱም መልሶ ግፊቱን ያሳድጋል፤ በጥቁር ባሩድ ላይ ይህ መደጋገፍ ደካማ ነው። አምራቹ ለጭስ አልባ ባሩድ መሥራቱን በግልጽ ካላስታወቀ በስተቀር በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ውስጥ በምንም መጠን አይገባም፣ ከጥቁር ባሩድ ጋርም አይቀላቀልም። በቀለም መለየትም አይቻልም፤ ብዙዎቹ ጭስ አልባ ባሩዶች ግራፋይት ስለሚቀቡ ጥቁር መስለው ይታያሉ። ከመጀመሪያ ዕቃው ወጥቶ በሌላ ጠርሙስ የተቀመጠ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ባሩድ አይጎርስም።

በሚቀጥለው እትም ሠንጠረዡን አርማችሁ ብታወጡት መልካም ነው፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የስፍር ወይም የሚዛን መሆኑ፣ የቅንጣቱ መጠን፣ የአረሩ ክብደትና ግፊቱ የተለካበት መሣሪያ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ