ከበር የተመለስኩ ዕለት

የኔ ውድ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል «የት ጠፍተሽ ነው?» ማለትሽ አይቀርም። የትም አልሄድኩም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ካንቺ ቤት በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነበርኩ።

ጋሼ ያረፉ ዕለት ደውለሽልኝ ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ሲጠራ እያየሁት አላነሳሁም። ማታ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እስከ ውጭው በር ወጣሁ። ከዚያ ተመለስኩ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባውም አለፈ። ከዚያ በኋላማ በምን ፊቴ ልምጣ? ጋሼ እኮ «ልጄ» እያሉ ያጎረሱኝ ሰው ናቸው። ይቅር በይኝ። ይህን ሳልል ወደ ሌላ ወሬ መሄድ አልችልም።

ሰሞኑን ስለ አታችመንት ሳነብ ነው የከረምኩት። ከምንቀርባቸው ሰዎች ጋር የምንቆራኝበት መንገድ ማለት ነው፤ መሠረቱ የሚጣለው በሕፃንነት ነው። ሐሳቡን ያነሳው ጆን ቦውልቢ የተባለ እንግሊዛዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ከእሱ ጋር የሠራችው ሜሪ ኤይንስዎርዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 ኡጋንዳ ሄዳ፣ በካምፓላ አካባቢ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታይ ነበር። በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ሙከራ ሠራች። እናትየዋ አንድ ዓመት የሆነውን ልጇን ክፍል ውስጥ ትታ ትወጣለች፣ ከደቂቃዎች በኋላ ትመለሳለች። ዋናው ነገር ስትመለስ ልጁ የሚያደርገው ነው። አንዳንዱ እያለቀሰ ይሄድባትና ወዲያው ይረጋጋል። አንዳንዱ እላይዋ ላይ ተለጥፎም አልባበል ይላል። ሌላው ግን ዞር ብሎም አያያትም፤ መጫወቻውን ይነካካል።

ይህ የመጨረሻው ምንም ያልመሰለው ይመስላል። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የልብ ምቱን ሲለኩ ግን ልቡ በኃይል ይመታ ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ አለቀስኩ።

እማዬ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ አራት ዓመቴ ነበር። ደሴ፣ አያቴ ጋ ቀረሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። እኔ ጓሮ ቁጭ ብዬ ቅልሞሽ እጫወት ነበር። ቀና አላልኩም። «እንዴት ያለች ጭምት ልጅ ናት!» አሉ። እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ ያየ ሰው አልነበረም። እማዬን አልወቅሳትም። እሷ በላከችው ብር ነው የተማርኩት። ግን ሰው ሲያስፈልገኝ ዝም ማለትን ያኔ ለመድኩ፤ የሚያስፈልገው ሌላ ሰው ሲሆንም ያው ዝምታ ይይዘኛል። ጋሼ ያረፉ ዕለት የመለሰኝ ይኸው ነው።

አንቺ ደግሞ መልስ ስታጪ ደጋግመሽ ትደውያለሽ። አንቺ ስትደውዪ እኔ እሸሻለሁ፣ እኔ ስሸሽ አንቺ ይብስብሻል። የስንቱ ባልና ሚስት ጠብ ከዚህ የሚነሳ ይመስለኛል። ያኔ «ምን አድርጌሽ ነው?» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ምንም አላደረግሽኝም። ይህን በደንብ እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

ለጥፋቴ ማመካኛ እያበጀሁ እንዳይመስልሽ። ይህ ነገር ይለወጣል ይላሉ፣ እኔም አምናለሁ። አሁን መሸሽ ሲያምረኝ «ዛሬ መናገር አቅቶኛል፣ ነገ እደውላለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። በነጋታው እደውላለሁ። ትንሽ ነገር ናት፤ ለእኔ ግን ከባድ ናት። ባለፈው ሳምንት እማዬን ያን የቅልሞሹን ቀን አስታወስኳት። እሷም አልረሳችውም ኖሯል።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ባታናግሪኝም ቁጭ እላለሁ። ከቻልሽ ግን የጋሼን ፎቶ አውጪልኝ፤ እንዴት እንዳረፉም ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።

ያንቺዋ